ስም ይሩጥ ወይስ ወቅታዊ ብቃት?

በአገራችን ሰው ያለ ይሉኝታና ያለ ፍርሃት በአደባባይ የሚሟገትበት ጉዳይ የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር መልሴ አንድ ነው፤ የብሔራዊ ቡድን ምርጫ። ሹም ሲሾም «እንኳን ደስ ያለዎት» ከማለት አልፎ «መስፈርቱ ምን ነበር? የተሻለ ሰው አልነበረም ወይ?» ብሎ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለማራቶን ሦስት ሰዎች በተመረጡ ማግሥት ግን አገር ሁሉ ዳኛ፣ አገር ሁሉ ጠበቃ ነው። እኔ በምኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ 18 ማዞሪያ ባሉት ሻይ ቤቶች፣ የኦሊምፒክ ወራት በመጣ ቁጥር የታክሲ ረዳቱና ጡረተኛው መምህር እኩል ድምፅ ይዘው ይከራከራሉ። አንዱ «የእርሱ ስም ብቻ ተፎካካሪን ያስደነግጣል» ይላል። ሌላው «ስም አይሮጥም፤ ዘንድሮ ስንት ገባ?» ብሎ ይመልስለታል።

ይህን ክርክር የሥራ ፈቶች ጨዋታ አድርገው የሚያዩት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ማን ይመረጥ፣ በምን ይመረጥ፣ መራጩስ ለማን መልስ ይሰጣል የሚሉት ጥያቄዎች የፖለቲካችን የመጀመሪያ ጥያቄዎች ናቸውና። በፖለቲካው መድረክ መልስ ያጣንባቸውን እነዚህን ጥያቄዎች ከስድሳ ዓመት በላይ በሩጫው ሜዳ ስንለማመዳቸው ኖረናል። እስቲ ውድ አንባብያን፣ ያንን ታሪክ አብረን እንመልከተው። (ዘመናቱን ሁሉ የውድድር መዛግብት በያዟቸው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር አስቀምጫቸዋለሁ።)

ሦስት ወንበር

የክርክሩ ሥር ቀላል ሒሳብ ነው። በኦሊምፒክ ማራቶን፣ እንዲሁም በ10,000 ሜትር፣ አንድ አገር ከሦስት በላይ ሯጭ ማሰለፍ አይችልም። ለብዙ አገሮች ይህ ደንብ ትርጉም የለውም፤ ሦስት ብቁ ሰው ማግኘት ራሱ ይቸግራቸዋልና። ለእኛና ለኬንያውያን ግን ደንቡ ቢላዋ ነው። እኛ ዘንድ አራተኛ ሆኖ የሚቀረው ሰው በሌላ አገር ማልያ ቢሮጥ ያለ ክርክር ቀዳሚው ተመራጭ ነበር። ስለዚህ የእኛ መራጭ ብቃት ካላቸው መካከል ብቃት ያላቸውን ሲያስቀር የሚኖር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የተቀመጠ ሰው ከሐሜት አያመልጥም፤ ማምለጥም የለበትም።

ሁለተኛው ችግር የማራቶን ጠባይ ነው። የአጭር ርቀት ሯጭ በአንድ የበጋ ወራት ደጋግሞ ስለሚወዳደር ብቃቱ በየሳምንቱ ይታያል። የማራቶን ሯጭ ግን በዓመት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ቢሮጥ ነው። ስለዚህ «ወቅታዊ ብቃት» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን ወሬ ነው። በየካቲት ጠፍጣፋ ጎዳና ላይ ድንቅ ሰዓት ያስመዘገበ ሰው ነሐሴ ላይ በሙቀትና በዳገት ምን እንደሚሆን በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። እዚህ ላይ ነው ስም ጣልቃ የሚገባው። ስም የብዙ ዓመታት ምስክር ነውና። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ሕዝብ፣ ስም በጎዳናም ላይ ይቀድማል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ዋሚና አበበ፤ ከተረቱ ጀርባ ያለው ሰዓት

የሮም ኦሊምፒክ ታሪክ በየቤቱ ይተረካል። በዘመኑ የአገሪቱ ስመ ጥር ሯጭ የክቡር ዘበኛ ወታደሩ ዋሚ ቢራቱ ነበር። ዋሚ ሳይሄድ ቀረ፤ ምክንያቱን አንዳንዱ የእግር ስብራት፣ ሌላው ሕመም ነበር እያለ ይተርከዋል። አበበ ቢቂላ ተተካ፣ በባዶ እግሩ ሮጠ፣ መስከረም 10 ቀን 1960 ምሽት በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ አሸነፈ። ተረቱ የሚያስተምረን ነገር ይኸው ነው፤ ዕድል የፈጠረው ተጠባባቂ ዓለምን አስደነቀ።

ተረቱ ያማረ ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ይሸፍናል። አበበ ወደ ሮም ከመጓዙ ጥቂት ሳምንታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ማራቶን ሮጦ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገብቶ ነበር። ይህ ሰዓት ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ካስመዘገበው ከያኔው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነው፤ ያውም በአዲስ አበባ ከፍታ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ሰዓታቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመው የሚያዩትን ያውቁ ነበር። አውሮፓውያኑ ጋዜጠኞች «ይህ ማን ነው?» ሲሉ የተደናገጡት እነርሱ ስላላወቁት እንጂ የእኛው መራጭ ስላላወቀው አልነበረም።

ይህን ማንሣቴ የዋሚን ክብር ለመቀነስ አይደለም። ዋሚ የአበበ አርአያ እንደነበር አበበን የሚያከብር ሁሉ ያከብረዋል። ልል የፈለግሁት ሌላ ነው፤ የመጀመሪያውን ወርቅ ያስገኘው በአገር ውስጥ የተካሄደ፣ በሰዓት የተለካ፣ ውጤቱ በግልጽ የታየ ማጣሪያ ነው። እኛ ግን ማጣሪያውን ረስተን ዕድሉን ብቻ ስንተርክ ኖርን። ተቋም የሠራውን ለተአምር መስጠት የቆየ ልማዳችን ነው።

አራት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ታሪክ በተቃራኒው ተናገረ። በመስከረም 1964 አጋማሽ፣ ከቶኪዮ ማራቶን አምስት ሳምንት ገደማ በፊት፣ አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ወቅታዊ ብቃት ብቻ መስፈርት ቢሆን ኖሮ ከሆስፒታል አልጋ የተነሣ ሰው ለቡድኑ አይታሰብም ነበር። ሄደ፤ ጥቅምት 21 ቀን 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ በዓለም ፈጣኑን ሰዓት አስመዘገበ፤ ከገባም በኋላ ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። በኦሊምፒክ ታሪክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። የስም ወገኖች ዛሬም ድረስ የሚመኩበት ማስረጃ ይህ ነው።

የሜክሲኮው ውድድር ግን ለሁለቱም ወገን መልስ ነበረው። በጥቅምት 1968 አበበ የእግር ጉዳት ይዞ ተሰለፈ፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይም አቋርጦ ወጣ። በአንድ ስም ላይ ብቻ ተማምነን ቢሆን ኖሮ ቀኑ በዚያው ይጨልም ነበር። ግን በቡድኑ ውስጥ በዚያው ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ብር ያገኘው ማሞ ወልዴ ነበረ። ማሞ ወርቁን ወሰደ፤ መራዊ ገብሩም ስድስተኛ ሆነ። ሦስቱ ወንበር ለአንድ ስም አጃቢ ሳይሆን ለሦስት ብቁ ሰዎች የተሰጠ ስለነበር አገሪቱ አላፈረችም። የሜክሲኮ ትምህርት ይህ ይመስለኛል፤ ለስም አንድ ወንበር መስጠት ይቻላል፣ ሦስቱንም መስጠት ግን ቁማር ነው።

ከኮልፌ እስከ ኬፕታውን

1968ን ካነሣን ዘንድ፣ በዚያው ዓመት በሌላ አገርና በሌላ ስፖርት የሆነውን ሳላወሳ አላልፍም። ለኮልፌ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ወታደራዊ ትምህርት የቀሰሙት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ነው። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ እንደ ተመለሱም ብዙ ሳይቆዩ ተያዙ። በወጣትነታቸው ቦክሰኛና የረጅም ርቀት ሯጭ የነበሩት እኚህ ሰው እስር ቤት ሳሉ፣ የአፓርታይድን መንግሥት በዓለም ፊት ካጋለጡት ጉዳዮች አንዱ የአንድ ተጫዋች ምርጫ ነበር።

ስፖርቱ ክሪኬት ነው። ለማያውቁት ላስረዳ፤ በየቡድኑ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፣ የተወረወረችውን ኳስ በጠፍጣፋ እንጨት መትቶ ብዙ ነጥብ የሚሰበስብ ሰው የቡድኑ ምሰሶ ነው። ቡድኑ ወደ ሌላ አገር ለወራት ጉዞ ሲወጣ ማን ይሂድ የሚለው ክርክር እንግሊዛውያንን ልክ እንደ እኛ ማራቶን ያፋጃቸዋል። ባዚል ዶሊቬራ ኬፕታውን ተወልዶ ያደገ፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት ለአገሩ እንዳይጫወት የተከለከለ ሰው ነበር። በ1960 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ በ1966 ለእንግሊዝ ተሰለፈ። በነሐሴ 1968 ለንደን ኦቫል ሜዳ ላይ፣ ከቡድኑ በቀረ ሌላ ተጫዋች ምትክ ተጠርቶ፣ በአውስትራሊያ ላይ 158 ነጥብ አስቆጠረ። ከዚህ የበለጠ ወቅታዊ ብቃት ከየት ይመጣል?

ከቀናት በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዘው ቡድን ሲታወቅ የዶሊቬራ ስም አልነበረበትም። መራጮቹ ምክንያታችን የጨዋታ ብቻ ነው አሉ። ሕዝቡ አላመናቸውም። በመስከረም አጋማሽ ቶም ካርትራይት የተባለው ተጫዋች በጉዳት ራሱን ሲያገልል ዶሊቬራ ተተካ። የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ወዲያውኑ ይህን ቡድን አንቀበልም አሉ፤ ጉዞውም ተሰረዘ። ከ1970 በኋላ ደቡብ አፍሪካ እስከ 1991 ድረስ ከዓለም አቀፍ ክሪኬት ተገልላ ኖረች።

ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ የመጣው መራጮች ሊናገሩት ያልደፈሩት መስፈርት ስለነበር ነው። በወረቀት ላይ የሚታየው ነጥብ አንድ ነገር ይላል፣ ዝርዝሩ ሌላ ይላል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሕዝቡ በጥርጣሬ ሞላው። ጥርጣሬውም ከመራጮቹ ማብራሪያ የበለጠ ተአማኒ ሆኖ ዘለቀ።

መንግሥት ሲመርጥ

የአፍሪካ አገሮች በዚህ ትግል ድርሻ ነበራቸው። በየካቲት 1968 ደቡብ አፍሪካ ወደ ኦሊምፒክ እንድትመለስ ሲወሰን ኢትዮጵያን ጨምሮ አፍሪካውያን አንሳተፍም አሉ፤ ውሳኔውም ሚያዝያ ላይ ተሻረ። በ1976 ደግሞ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ምክንያት ከሃያ በላይ አገሮች ሞንትሪያልን ትተው ወጡ። ኢትዮጵያም ወጣች። ያን ጊዜ ምሩፅ ይፍጠር በብቃቱ ላይ ነበር። አራት ዓመት ጠብቆ በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ቢያገኝም የሞንትሪያሉን ዕድል የመለሰለት የለም። ሆኖም ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ለአፍሪካውያን ክብር የተከፈለ ዋጋ ነው ማለት ይቻላል።

የ1984 የሎስ አንጀለስና የ1988 የሴኡል ቀሪነት ግን ከዚህ ይለያል። እነዚያ የቀዝቃዛው ጦርነት ሰልፍ ውጤቶች ናቸው። በላይነህ ዴንሳሞ በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ክብረ ወሰኑ ለአሥር ዓመት ማንም ሳይነካው ቆየ። በዚያው ዓመት የበልግ ኦሊምፒክ ግን በላይነህ አልነበረም። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆሞ አንሄድም ብሎ ነበርና። በዓለም ላይ ከእርሱ የፈጠነ ማራቶኒስት ያልነበረ ሰው አገሩ ቁጭ ብሎ የሌሎችን ሩጫ ሰማ። ስለ በላይነህ ወቅታዊ ብቃት የሚከራከር መራጭ አልነበረም፤ ስለ ስሙም የሚሟገት ደጋፊ ቦታ አልነበረውም። ውሳኔው ከላይ መጣ፣ ክርክሩም አብሮ ተዘጋ። ዛሬ በሻይ ቤት የምንሰማው ጭቅጭቅ ጆሮ ሲያደነቁረን ያንን ዝምታ ማስታወስ ይገባል ባይ ነኝ።

ወደ ኋላ የተመለከቱት ሁለት ወጣቶች

በነሐሴ 2004 አቴንስ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአቺለስ ጅማት ጉዳት እየተሰቃየ ወደ 10,000 ሜትር ገባ። በአትላንታና በሲድኒ ያሸነፈ ሰው ነው፤ ማን ይከለክለዋል? «ለጤነኛ ወጣት ቦታውን ይልቀቅ» የሚሉም ነበሩ። በውድድሩ ላይ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ፍጥነታቸውን ገታ አድርገው ኃይሌ ይደርስ እንደሆነ ወደ ኋላ ሲመለከቱ መላው ዓለም አየ። አልደረሰም። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ነሐስ ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ።

ያንን ምስል ብዙዎች ስለ ፍቅርና ስለ አክብሮት ያነሡታል፤ እውነትም ነው። እኔ ግን ሌላ ነገርም አይበታለሁ። በትራኩ ላይ ስምና ወቅታዊ ብቃት ተገናኝተው፣ ወቅታዊው ብቃት ለስሙ ሰላምታ ሰጥቶ አለፈ። መራጮች በወረቀት ሊጨርሱት ያልቻሉትን ክርክር ሯጮቹ ራሳቸው ያለ ቂም ጨረሱት። «የፊት ወዳጅህን በምን ቀበርከው? በሻሽ፤ የኋለኛው እንዳይሸሽ» የሚለው ብሂል ትርጉም ይህ አይደለምን? የቀደመውን በክብር የማይሸኝ ቤት ተከታዩን አያገኝም።

አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ያ ወጣት ቀነኒሳ በተራው ባለ ስም ሆነ። በሚያዝያ 2016 ለንደን ላይ ሦስተኛ ቢወጣም ለሪዮ ማራቶን አልተመረጠም፤ ቅሬታውንም በአደባባይ ተናገረ። መራጮቹም ማስረጃ አልጎደላቸውም፤ የተመረጡት ሦስቱ፣ ተስፋዬ አበራ፣ ለሚ ብርሃኑና ፈይሳ ሌሊሳ፣ በዚያው ዓመት ዱባይን፣ ቦስተንንና ቶኪዮን ያሸነፉ ነበሩ። ፈይሳ ሪዮ ላይ ብር አገኘ፤ ሲገባም ክንዶቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ በአገሩ የሚሆነውን ለዓለም አሳየ። መራጮቹ እግሩን መረጡ እንጂ ልቡን አልመረጡም። ይህ የብቃት ምርጫ ክብር ነው፤ በታማኝነት ቢመዘን ኖሮ ያ ሰው መነሻው መስመር ላይ ባልቆመ ነበር። ቀነኒሳ ደግሞ ከወር ጥቂት አለፍ ብሎ፣ መስከረም ላይ፣ በርሊንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ አሸነፈ፤ ለዓለም ክብረ ወሰን የቀረው ስድስት ሰከንድ ነበር። ታዲያ ማን ተሳሳተ? ማንም ላይሳሳት ይችላል። ምርጫው የተደረገው በሚያዝያ ማስረጃ እንጂ በመስከረም አይደለም።

በ2021 ለቶኪዮ ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተዘጋጀ። ቀነኒሳ ማጣሪያው ለኦሊምፒክ ቀርቧል ብሎ አልሮጠም፤ ሳይመረጥም ቀረ። ደንብ ለሁሉም እኩል ነው ያልነው ደስ አለን። ግን በሳፖሮ ሙቀት ሦስቱም ወንድ ሯጮቻችን፣ ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ፣ ውድድሩን ሳይጨርሱ ቀሩ። ፌዴሬሽኑና የኦሊምፒክ ኮሚቴው በይፋ ሲወዛገቡ በነበረበት በዚያ ዓመት፣ የሕዝቡ ቁጣ ከሽንፈቱ ይልቅ በውዝግቡ ላይ ነበር። ግልጽ ማጣሪያ ሜዳልያን አያረጋግጥም። ይህን የማይቀበል ሰው ስለ ደንብ ባይሟገት ይሻለዋል።

የፓሪስ መልስ

እንዲህ እያልን ፓሪስ ደረስን። ለ2024 የተመረጡት ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና የ42 ዓመቱ ቀነኒሳ ነበሩ። ሲሳይ ቦስተንን በዚያው ዓመት አሸንፏል፤ ደሬሳ ሴቪያ ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ገብቷል፤ ቀነኒሳም ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጥቷል። የ2022 የዓለም ሻምፒዮኑና የ2023 የኒውዮርክ አሸናፊ ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆነ። በኮልፌ ሻይ ቤቶች ይህ ዝርዝር ያስነሣውን አቧራ አልረሳውም። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ ተጎድቶ ቦታውን ለታምራት ለቀቀ። ነሐሴ 10 ቀን ታምራት ዳገታማውን የፓሪስ ጎዳና 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨርሶ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ደሬሳ አምስተኛ፣ ቀነኒሳ 39ኛ ሆኑ። ኬንያውያንም የእኛኑ ጥያቄ ይዘው ቆመው ነበር፤ የዘመኑ ታላቅ ኤሉድ ኪፕቾጌ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ።

የዚያን ዕለት አንድ ወጣት በዕድሜ ለገፉ የሠፈራችን ሰው «ጋሼ፣ አላልኩዎትም? መጀመሪያውኑ ታምራት ነበር መመረጥ የነበረበት!» ሲል ሰማሁት። ሽማግሌው ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ዋሚ የቀረ ጊዜም እንዲሁ ያለ ነበር። ግን ሲሳይ ሕመሙን ደብቆ ቢሄድስ ኖሮ?» አሉት። ወጣቱ መልስ አልነበረውም። እኔም ቆሜ አሰብኩ። ስለ ተጠባባቂው ስናወራ ቦታውን የለቀቀውን እንረሳለን። ወንበር ይዞ «አልችልም፣ የሚችል ይተካ» የሚል ሰው በአገራችን ብርቅ ነው። ሲሳይ ያደረገው ነገር በቤተ መንግሥትም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በማኅበርም ቢለመድ ስንት ነገር በቀለለን!

እንግዲህ ከዋሚ እስከ ታምራት ያለው ታሪክ ለየትኛው ወገን ይመሰክራል? ሮም ለማጣሪያው፣ ቶኪዮ ለስሙ፣ ሜክሲኮ ለሁለቱም፣ ሳፖሮ ለማንም፣ ፓሪስ ደግሞ ለተጠባባቂው። «ስም ይሩጥ» የሚለውም ሆነ «ሰዓት ይሩጥ» የሚለው ግማሽ እውነት ይዟል። ምርጫ ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ከመራጭ ልንጠይቀው የሚገባን አለመሳሳትን አይደለም።

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መስፈርቱ ከውድድሩ በፊት ይነገር፤ ሰዎቹ ከታወቁ በኋላ የሚወጣ መስፈርት የምርጫ ማብራሪያ እንጂ መስፈርት አይባልም። ሁለተኛ፣ የመረጠው ሰው ይታወቅ፣ ለቀረውም ሰው ፊት ለፊት ምክንያቱን ይንገረው። ዶሊቬራን ያስቀሩት መራጮች የወደቁት እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ተጠባባቂው እንደ ተመራጭ ይሠልጥን፣ እንደ ተመራጭም ይከበር፤ ታምራት ተኮራርፎ ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ ወርቁ አይኖርም ነበር።

ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን የመሩት ራሳቸው ሯጮች መሆናቸው ተስፋ ይሰጠኛል፤ በመጀመሪያ ኃይሌ፣ ከ2018 ጀምሮ ደራርቱ ቱሉ፣ በ2024 መጨረሻ ደግሞ በአቴንስ ወደ ኋላ የተመለከተው ስለሺ ስህን ተመረጡ። የመመረጥንም የመቅረትንም ጣዕም የሚያውቅ ሰው መራጭ ሲሆን ቢያንስ የሚያስቀረውን ሰው ስሜት አይስተውም። ግን ጥሩ ሰው ደንብን አይተካም። ሯጭ የነበረም መራጭ ሲሆን እንደማንኛውም መራጭ ይጠየቃል።

እናም በሚቀጥለው ኦሊምፒክ ዋዜማ የኮልፌ ሻይ ቤቶች እንደገና ሲጋጋሉ አትሳቁባቸው። የታክሲ ረዳቱ «ለምን እርሱ? በምን መስፈርት? ማን ወሰነ?» ሲል የሚጠይቀው ጥያቄ ዜጋ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ጥያቄው ማራቶኑ ሲያልቅ አብሮ ማለቁ ነው። ሦስት ሯጮች ሲመረጡ እንደምንጠይቀው ሁሉ ሦስት ሹማምንት ሲሾሙም ብንጠይቅ ምን ይለናል?

ቸር ይግጠመን።